የቨርጂኒያ ስቴት ለቀድሞ ወታደሮች ቤተሰብ የሚሰጠው አገልግሎት፤ በአንዲት ተጠቃሚ ሚዛን

ባለቤቴ በ2013 ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት በጉዳት ምክንያት ተሰናብቶ ከቴክሳስ ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ ስንዛወር፣ ስለ አዲሱ ስቴታችን የምናውቀው ዘመድ እንደሚበዛበትና ቤት እንደሚወደድበት ብቻ ነበር። የቀድሞ ወታደር ጉዳይ የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳይ እንጂ ሪችመንድ የሚሰበሰበው የስቴት ምክር ቤት ምን አገባው ብለን ስለምናስብ፣ ቨርጂኒያ በራሷ ሕግ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ምን እንዳዘጋጀች ሳንጠይቅ ስድስት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ከቤት ግብር ነፃ መሆኑንም፣ የመኪናውንም፣ የልጃችንን የኮሌጅ ክፍያም፣ ስቴቱ በነፃ የሚሰጠውን የማመልከቻ እርዳታም ተጠቅመንባቸዋል። ሰው ስለገዛው ዕቃ ወይም ስለበላበት ምግብ ቤት አስተያየቱን እንደሚጽፍ ሁሉ፣ እኔም የቱ እንደተባለው ሆኖ እንዳገኘሁት፣ የቱ እንዳንገላታን፣ የቱ ደግሞ በሕጉ አጻጻፍ ምክንያት የሚገባውን ሰው ውጭ እንደሚያስቀር እጽፋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል ልናገር። ወደ አማርኛ የተተረጎሙ አንዳንድ የመንግሥት ወረቀቶች በአሜሪካ ጦር ያገለገለን ሰው «አርበኛ» ይሉታል። እኛ ዘንድ አርበኛ ማለት ጣልያንን በዱር በገደል የተዋጋ ነው። አማቴም ወረቀቱ ሲነበብላቸው «ልጄ መቼ ነው ጣልያንን የተዋጋው?» ብለው ስቀዋል። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ፣ ቃሉን አይተው ይህ እኔን አይመለከትም ብለው ወረቀቱን ያስቀመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የቀድሞ ወታደር» እላለሁ።

ወገኖቻችን በዚህ ጦር ውስጥ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በዲቪ መጥተው ግሪን ካርዳቸውን እንደያዙ የተመዘገቡ አሉ፤ ባለቤቴም በ2005 የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በ2009 በተጀመረውና አማርኛን ጨምሮ የተመረጡ ቋንቋዎችን የሚናገሩ ስደተኞችን በተቀበለው ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም ገብተው በአገልግሎታቸው ዜግነት ያገኙም አሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ተሰናብተው እዚሁ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ አካባቢ ታክሲ፣ ኮምፒውተር፣ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራሉ፤ ሕጉ የሚሰጣቸውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት በለቅሶ ቤት ወይም በክርስትና ድግስ ላይ ጎናቸው ከተቀመጠ ሰው ነው። እኛም የሰማነው እንደዚያው ነው።

ከሁሉም በፊት የተጠቀምንበት የቨርጂኒያ የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የክሌም፣ ማለትም የጉዳት ካሣ ማመልከቻ እርዳታ ነበር። ይህ የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሕሙማንን የሚያክመውና የጉዳት ካሣ የሚከፍለው የፌዴራሉ ቪኤ ከሚባለው የተለየ ነው። ሥራው ፈቃድ ያላቸውን ባለሙያዎች አስቀምጦ፣ የቀድሞ ወታደሩ ለቪኤ የሚያቀርበውን ማመልከቻ በነፃ ማዘጋጀትና መከታተል ነው። ነፃ የሚለው ቃል ላይ አጥብቄ የምቆምበት ምክንያት አለኝ። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት በስልክ ያገኘን አንድ «አማካሪ» ድርጅት፣ የባለቤቴን የጉዳት ደረጃ ካሳደገ የወርኃዊ ጭማሪውን አምስት እጥፍ እንድንከፍለው ውል ልኮልን ነበር። ጭማሪው በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሚሆን ሒሳቡን ማስላት አያስቸግርም። በፌዴራል ሕግ መሠረት የመጀመሪያ ክሌም ለማዘጋጀት ከቀድሞ ወታደር ገንዘብ መቀበል አይፈቀድም፤ ይሁን እንጂ በ2006 የወንጀል ቅጣቱ ከሕጉ ስለወጣ፣ ክልከላው ጥርስ የሌለው ሆኖ ቀርቷል። እንደ ኒው ጀርሲና ሜይን ያሉ ስቴቶች በራሳቸው ሕግ ቅጣት ወደማውጣት የሄዱት ለዚህ ነው።

የስቴቱ ባለሙያ የሠሩልንን ለመረዳት የቪኤን አደማመር ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጉዳይ ሰው ሁሉ ስለሚሳሳት ትንሽ ልቆይበት። ባለቤቴ በ2019 የተሰጠው የጉዳት መጠን 70፣ 50 እና 30 በመቶ ነበር። በጣት ቢደመር 150 ይሆናል፤ የተጻፈለት ግን 90 ነው። ምክንያቱም ቪኤ የሚያሰላው ከቀረው ጤና ላይ ነው፤ 70 ሲነሳ 30 ይቀራል፣ ከዚያ ላይ 50 በመቶው 15 ስለሆነ 85 ይደርሳል፣ ከቀሪው 15 ላይ ደግሞ 30 በመቶው አራት ከግማሽ ሆኖ 89 ከግማሽ ይመጣል፤ ይህም ወደ 90 ይጠጋል። 100 ለመባል ስሌቱ ቢያንስ 95 መድረስ አለበት፤ ያችን አምስት ነጥብ ማግኘት የመጀመሪያዎቹን 50 ከማግኘት ትከብዳለች። ባለሙያዋ መዝገቡን ገጽ በገጽ አገላብጠው፣ ባለቤቴ ኢራቅ እያለ በ2008 ስለ ከባድ የራስ ምታት ሕክምና ክፍል ሦስት ጊዜ እንደሄደ አገኙ። እኛ ስለ ጀርባውና ስለ ጆሮው ስናስብ ማይግሬኑን እንደ ጉዳት ቆጥረነው አናውቅም። ለማይግሬን የሚሰጠው ከፍተኛው መጠን 50 በመቶ ነው፤ ያ ሲጨመር ስሌቱ 95 ላይ ደረሰ። በ2020 መስከረም ያስገባነው ማመልከቻ በ2022 መጀመሪያ ተወስኖ፣ ከገባበት ቀን ጀምሮ የሚታሰብ 100 በመቶ፣ ዘላቂና ሙሉ ጉዳት የሚል ውሳኔ መጣ። ለዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም አልከፈልንም። ለዚህ አገልግሎት ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የተከፈተውም በዚሁ በር ነው።

ወደ ቤት ግብሩ ልለፍ። የቨርጂኒያ ሕዝብ በ2010 ኅዳር በሰጠው ድምፅ የስቴቱን ሕገ መንግሥት አሻሽሎ፣ ከ2011 መጀመሪያ አንሥቶ በአገልግሎት ምክንያት 100 በመቶ ዘላቂና ሙሉ ጉዳት ያለበት የቀድሞ ወታደር በሚኖርበት ቤት ላይ የቤት ግብር እንዳይከፍል አድርጓል። ቅናሽ አይደለም፤ ጨርሶ አለመክፈል ነው። የገቢ መጠንና ዕድሜም አይጠየቅበትም። በሰሜን ቨርጂኒያ ግብሩ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የቤት ግምት አንድ ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ 600,000 ዶላር የተገመተ ቤት ያለው ሰው በዓመት ከ6,000 ዶላር ያላነሰ ይተርፈዋል ማለት ነው። በስቴት ደረጃ ለቤተሰብ ከሚሰጡት ጥቅሞች ሁሉ ከባድ ሚዛን ያለው ይህ ነው ብል የሚከራከረኝ አላገኝም።

አሰጣጡ ግን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ካውንቲው የሚፈልገው ደብዳቤ 100 በመቶ ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ ጉዳቱ በአገልግሎት ምክንያት የመጣ፣ ዘላቂና ሙሉ መሆኑን በግልጽ መጻፍ አለበት። እኛ ይህን ባለማወቃችን ወደ ግብር ቢሮው ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። በመጀመሪያው ቀን መስኮቱ ላይ የነበሩት ሠራተኛ ደብዳቤውን አንብበው፣ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አውርደው «ዘላቂ የሚለው የለበትም» ብለው መለሱልን። በሁለተኛው ቀን የውሳኔውን ሙሉ ወረቀት ይዘን ብንሄድ፣ እሱ ረጅም ስለሆነ ማጠቃለያ ደብዳቤ ይምጣ ተባልን። ማታ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብለን ስናየው፣ ከቪኤ ድረ ገጽ የሚወርደው ማጠቃለያ ደብዳቤ ምን ምን እንዲጻፍበት የሚመርጠው ባለቤቱ ራሱ ነው ለካ፤ ሙሉና ዘላቂ የሚለው መስመር ጎን ያለችው ትንሽ ሣጥን ምልክት አልተደረገባትም። ምልክቷን አደረግን፣ ደብዳቤው በሁለት ደቂቃ ወረደ፣ በሦስተኛው ቀን ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘ። ለሁለት ሳምንት ያመላለሰችን ያች ሣጥን ናት። መስኮቱ ላይ ያሉት ሰው ስለ ሣጥኗ ቢያውቁ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ያልቅ ነበር።

ከተፈቀደ በኋላ ያለው አሠራር ጥሩ ነው። መብቱ የሚጀምረው ካመለከቱበት ቀን ሳይሆን የቪኤ ውሳኔ ከጸናበት ቀን በመሆኑ፣ ከ2020 መስከረም ወዲህ የከፈልነው ተመለሰልን። ሆኖም አብዛኛው ሰው ግብሩን በቀጥታ ስለማይከፍልና ሞርጌጅ የሚሰበስበው ድርጅት ከወርኃዊ ክፍያው ጋር አጠራቅሞ ስለሚከፍልለት፣ ለድርጅቱ ካላሳወቁት ዝም ብሎ መሰብሰቡን ይቀጥላል። የካውንቲውን የፈቃድ ደብዳቤ ልኮ ለግብሩ የሚጠራቀመው የኤስክሮው ሒሳብ እንደገና እንዲሠራ መጠየቅ የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው። እኛ በጠየቅን በሁለተኛው ወር ወርኃዊ ክፍያችን ከ500 ዶላር በላይ ወረደ።

ክፉ አያሰማኝና፣ ሕጉን ሳነብ ባለቤቴ ቀድሞኝ ቢያልፍ ምን እሆናለሁ የሚለውንም አይቻለሁ፤ የምታነብብ ሚስት ሁሉ ታየዋለች። ያገባችው የቀድሞ ወታደር ከ2011 ወዲህ ያረፈባት ሚስት፣ ሌላ እስካላገባች ድረስ ከግብሩ ነፃ መሆኗ ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ ግን በዚያው ቤት መኖር ነበረባት፤ ቤቱ ሰፍቷት ወይም ልጆቿ ዘንድ ለመቅረብ ብትለቅ መብቷ ይቀር ነበር። ይህንን የለወጠው በ2018 ሕዝብ ያጸደቀው ማሻሻያ ነው። በጦር ሜዳ ለተገደሉ ወታደሮች ሚስቶችና ባሎች መብቱ የመጣው በ2014 ሲሆን፣ በልምምድ ላይ ወይም በሌላ ግዳጅ የሞቱትን ለመጨመር ደግሞ እስከ 2024 መጠበቅ ግድ ሆኗል። በእያንዳንዱ ጊዜ መንገዱ ረጅም ነው፤ ማሻሻያው በምክር ቤቱ አንድ ጊዜ ያልፋል፣ ምርጫ ይደረጋል፣ አዲሱ ምክር ቤት ደግሞ ያሳልፈዋል፣ ከዚያ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። ሕጉ አይነጠቅም የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተረሳ ሰው ለመጨመር ዓመታት የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ይህ ሕግ ከ100 በታች ላለ ሰው ምንም አለመስጠቱ ነው። ከላይ በጻፍኩት አደማመር 90 ላይ የቆመ ሰው፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን የሚይዝ ሰው፣ ሙሉ ግብሩን እንደማንኛውም ጎረቤት ይከፍላል። ጥለነው የመጣነው ቴክሳስ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ 100 ለደረሰው ሙሉ በሙሉ ነፃ ሲያደርግ፣ 70 እና ከዚያ በላይ ላለው ከቤቱ ግምት 12,000 ዶላር፣ 10 በመቶ ላለውም ቢሆን 5,000 ዶላር ይቀንስለታል። በዛሬ የቤት ዋጋ 12,000 ዶላር ብዙ ባይሆንም፣ ደረጃ በደረጃ መሆኑ ትክክለኛ አስተሳሰብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወዳጆቻችን ሜሪላንድም ለ100 በመቶው ግብር ታነሣለች ብለው ይከራከሩናል፤ እውነት ነው። ወንዙን ተሻግሮ ለመኖር የሚያበቃ ልዩነት ግን አላየሁበትም።

የመኪናው ጉዳይ አጭር ነው። ቨርጂኒያ በየዓመቱ በመኪና ላይ ግብር ከሚያስከፍሉት ስቴቶች አንዷ ናት፤ አዲስ መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያው ቢል ሲደርሰው የሚያሰማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2020 ሕዝቡ ባጸደቀው ማሻሻያ፣ 100 በመቶ ዘላቂና ሙሉ ጉዳት ያለበት የቀድሞ ወታደር ከ2021 ጀምሮ ለአንድ መኪና ይህን ግብር አይከፍልም። አንድ ቅጽ፣ ያችው ደብዳቤ፣ አለቀ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚጨምር አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም የስማችን ነገር ነው። አበበ ከበደ የሚባል የቀድሞ ወታደር ልጅ ሣራ አበበ ትባላለች፣ ሚስቱ ደግሞ በአባቷ ስም ትጠራለች። በአሜሪካ ወረቀት ላይ ሲታይ በአንድ ቤት የሚኖሩ የማይዛመዱ ሦስት ሰዎች ይመስላሉ። ጥቅሙ በዝምድና በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ፣ በተለይ ለልጆች ኮሌጅ፣ ይህ ጥያቄ ያስነሣል። እኛ ያስገባነው የልደት የምስክር ወረቀትና የጋብቻ ወረቀት ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት ተጽፎ ተገኘ፤ አንዱ ላይ አንድ ፊደል ይበልጣል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ የተሰጠ ወረቀት ከሆነ፣ የልደት ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የተዛባ ሰው አውቃለሁ። ሕጉ ይህን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልጠብቅም። ነገር ግን ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት የሁሉንም ስም አጻጻፍ አስተያይታችሁ፣ የሚለያይ ካለ በኖተሪ የተረጋገጠ አንድ ገጽ ማብራሪያ ብታያይዙ ለእኛ የጠፋው አንድ ወር ለእናንተ ይተርፋል።

አሁን ወደ ኮሌጁ ልመጣ፤ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝም እንቅልፍ የነሣኝም እሱ ነው። የቨርጂኒያ የወታደር ሟች ቤተሰቦችና ጥገኞች የትምህርት ፕሮግራም በአገልግሎት ላይ ለሞቱ፣ ለጠፉ፣ ለተማረኩ ወይም ቢያንስ 90 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ለደረሰባቸው ወታደሮች ሚስቶች፣ ባሎችና ልጆች፣ በስቴቱ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ስምንት ሴሚስተር የትምህርቱን ክፍያና አስገዳጅ ክፍያዎችን ያነሣል። ለልጆች ዕድሜው ከ16 እስከ 29 ነው። የቀድሞ ወታደሩ ጦሩን ሲቀላቀል የቨርጂኒያ ነዋሪ የነበረ፣ አለዚያም ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አምስት ተከታታይ ዓመት የኖረ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ወለሉ 90 መሆኑን ልብ በሉ፤ ለቤት ግብር በር የተዘጋበት ሰው ለልጁ ትምህርት ይገባል፤ ብዙዎቻችን ግን የቤት ግብሩን ተከልክሎ የተመለሰ ሰው ሁሉንም የተከለከለ ይመስለናል።

ልጃችን በ2024 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ልትጨርስ ስትል፣ በሚያዝያ ከአንድ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤ መጣላት። በግንቦት የወጣው የስቴቱ በጀት ግን ሕጉን ገለባበጠው። በጀቱ ላይ የተጨመረው አንቀጽ ተማሪው አስቀድሞ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ቅጽ እንዲሞላና ሌላውን እርዳታ መጀመሪያ እንዲጠቀም፣ የትምህርት ውጤቱም ከተወሰነ ደረጃ እንዳይወርድ፣ ጥቅሙም ለመጀመሪያው ዲግሪ ብቻ እንዲሆን የሚያዝ ነበር። እውነቱን ለመናገር የአንቀጹ ጸሐፊዎች ያሳሰባቸው ነገር መሠረት አለው። በ2019 ሕጉ ከሰፋ በኋላ የተጠቃሚው ቁጥር ከ1,400 አካባቢ በ2023 ከ6,000 በላይ ሆኗል፤ ኮሌጆቹ የሚያነሡት ክፍያም ከ12 ሚሊዮን ወደ 65 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አድጓል። ስቴቱ ክፍያው ይነሣ ብሎ ሕግ ሲያወጣ ገንዘቡን ለኮሌጆቹ አልሰጠም፤ ስለዚህ ዕዳው የወደቀው በኮሌጆቹ ላይ፣ በእነሱም በኩል በሌሎቹ ተማሪዎች ላይ ነው። ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቃል የገባው አንዱ፣ ከፋዩ ሌላው።

ለእኛ ግን በዚያ ሰሞን የኢኮኖሚው ምክንያት አልታየንም። ዩኒቨርሲቲው ስንደውል ልጃችን በአሮጌው ደንብ ትታያለች ወይስ በአዲሱ ብለን ብንጠይቅ፣ እኛም መመሪያ እየጠበቅን ነው የሚል መልስ ሦስት ጊዜ አገኘን። በመላው ስቴት የሟች ወታደሮች ሚስቶችና የጉዳተኛ ወታደሮች ቤተሰቦች ሪችመንድ ድረስ እየሄዱ አቤት አሉ፤ የተሰጠንን ዘመቻ ፈጽመን ስንመለስ ውሉ ይቀየራል ወይ የሚል ነበር ጥያቄያቸው። በወቅቱ የስቴቱ ገዥ የነበሩት ያንግኪንም ራሳቸው የፈረሙበት አንቀጽ እንዲሻር ጠየቁ። ሐምሌ 18 ቀን ሁለቱም ምክር ቤቶች ያለ አንድ ተቃውሞ አንቀጹን ሻሩት፣ በጀቱ ላይ ከነበረው 20 ሚሊዮን ሌላ በዓመት 45 ሚሊዮን ዶላር ጨመሩ። ያን ቀን ሥራ አልገባሁም፤ ስብሰባውን በስልኬ እያየሁ ቡና አፈላሁ። ድምፅ መስጫው ሰሌዳ አረንጓዴ ብቻ ሲሆን አማቴ ከረከቦቱ ማዶ «ምን አሉ?» ሲሉኝ፣ ልጄ ቀድማኝ «ተሻረ እማማ፣ ተሻረ» አለቻቸው። አቦሉ ጀበናው ላይ ቀዝቅዞ ነበር፤ ማንም አላስተዋለው።

እንግዲህ ይህን አገልግሎት እንዴት ልመዝነው? የሰጠን ጥቅም በአራት ዓመት ከቤታችን ግብር ይበልጣል፤ ልጄ ያለ ብድር እየተማረች ነው። ግን የቤት ግብሩ በሕገ መንግሥት የታሰረ ሲሆን፣ ይህ ግን በበጀት ውስጥ በአንዲት አንቀጽ የሚነካ መሆኑን በዓይናችን አይተናል፤ ልጁ ገና ስምንተኛ ክፍል ያለ ወላጅ ይህንን ይዞ ዕቅዱን ያውጣ። ሌላው ደግሞ፣ ሰዎች «ኮሌጅ በነፃ» ሲሉ የመኝታውንና የምግቡን ይረሱታል። የተነሣው የትምህርቱ ክፍያና አስገዳጁ ክፍያ ነው፤ መኝታና ምግቡ ከኪሳችን ነው፣ እሱም ከትምህርቱ ክፍያ ብዙ አያንስም። ለመኝታና ለመጽሐፍ የሚሆን ድጎማ ያለው ለተወሰኑት ብቻ ነው። ከአምስት አራት።

ገና በሥራ ላይ ላሉ ወታደሮች ቤተሰቦች የሚጠቅም አንድ ሕግም አለ፤ እኛ በጊዜው ስላላወቅነው ልንጠቀምበት አልቻልንም። ሃምሳዎቹም ስቴቶች እስከ 2014 ድረስ የተቀላቀሉት የወታደር ልጆች ትምህርት ስምምነት፣ ቨርጂኒያም በ2009 የገባችበት፣ ከስቴት ወደ ስቴት የተዛወረን ልጅ ትምህርት ቤቱ በእጅ በያዘው ቅጂ እንዲቀበል፣ የጎደለ ክትባት ካለ 30 ቀን እንዲሰጠው፣ በነበረበት የትምህርት ደረጃ እንዲያስቀምጠው ያስገድዳል። በጉዳት ለተሰናበተ ወታደር ልጆችም እስከ አንድ ዓመት ይሠራል። እኛ በ2013 ከቴክሳስ ስንመጣ ልጃችንን የተቀበለን ትምህርት ቤት ዋናው መዝገብ በፖስታ እስኪመጣ ድረስ ከክፍል ውጭ ዘጠኝ ቀን አስቀምጧታል። ዛሬ እዚህ ወዳለው ፎርት ቤልቮር ጦር ሰፈር ለሚዛወር ወዳጅ ሁሉ የምነግረው፣ በየጦር ሰፈሩ የትምህርት ጉዳይ አገናኝ የሚባል ሠራተኛ እንዳለና ለምዝገባ ከመሄዱ በፊት እሱን እንዲያናግር ነው።

የጡረታ ገቢውን በተመለከተ፣ 20 ዓመት አገልግሎ ለወጣ ሰው ቨርጂኒያ ከ2022 ጀምሮ በየዓመቱ 10,000 ዶላር እየጨመረች በ2025 እስከ 40,000 ዶላር ከስቴቱ የገቢ ግብር ነፃ አድርጋለች፤ በመጀመሪያ የነበረው የ55 ዓመት የዕድሜ ገደብም ከ2024 ወዲህ ቀርቷል። ባለቤቴን ስለማይመለከተው የተግባሩን ነገር ለሚጠቀሙበት እተወዋለሁ።

በአጠቃላይ ነጥብ ስጪ ብባል ከአምስት አራት እሰጣለሁ። የቀነስኩት አንድ ነጥብ የጎረቤታችን ነው። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር፣ አፍጋኒስታን ሁለት ጊዜ የዘመተ፣ ለሁላችንም በረዶ የሚጠርግልን ሰው ነው፤ 90 በመቶ ላይ ቆሟል። ልጁ በክፍያ ምሕረቱ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ገብቷል፤ የቤት ግብሩን ግን በየዓመቱ በሐምሌና በታኅሣሥ ሙሉ ይከፍላል። ባለፈው ወር ባለቤቴ ያችን ነፃ የሆነች ቢሮ አሳየውና አብረው ሄዱ፤ የሕክምና መዝገቡን ሁለት ወፍራም አቃፊ አድርጎ ይዞ ነበር። ለጆሮው ጩኸት ያመለከተበት ወረቀት እንደሌለ ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን ነግረውታል። ምርመራው በሚመጣው ወር ነው።